ኢኳላይዘር፦ ከስልክ ሽቦ የመጣ ቃል

«ኢኳላይዘር» የሚለውን ቃል የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ውስጡ «እኩል»ን ቢያገኝ አይፈረድበትም። ትርጉማቸውም ድምፃቸውም ይገጥማል፤ ሆኖም ዝምድና የላቸውም። የእንግሊዝኛው «ኢኳል» የላቲኑ «ኤኳሊስ» ልጅ ነው፤ የእሱም አባት «ኤኩስ»፣ ደልዳላ፣ ለጥ ያለ፣ ጉብታና ጎድጓዳ የሌለው ማለት ነው። የምድር ወገብ በፈረንጆቹ «ኢኳተር» መባሉም ከዚሁ ቃል ነው። በመካከለኛው ዘመን ላቲን ሙሉ ስሙ «ቀንና ሌሊትን አስተካካዩ ክበብ» ነበር። ስለዚህ ኢኳተርና ኢኳላይዘር አንድ ትርጉም ያላቸው ሁለት ቃላት ናቸው።

የእኛው «እኩል» የመጣው «አከለ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ በቃ፣ በመጠን ደረሰ ማለት ነው። «ልጁ አባቱን አከለ» ስንል ይኸው ግስ ነው። እኩሌታ፣ እኩለ ሌሊት፣ ተካከለ፣ አስተካከለ፣ ሁሉም የእሱ ቤተሰብ ናቸው። ከሁሉ የሚደንቀኝ «ትክክል» ነው። በአፈጣጠሩ እርስ በርሱ የተካከለ ማለት ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት ስሕተት የሌለበትን ነገር ለመግለጽ ነው። «አስተካከለ»ም እንዲሁ እኩል ማድረግንም ማቃናትንም በአንድ ቃል ይይዛል። ኢኳላይዘር የተባለውን መሣሪያ «የድምፅ ማስተካከያ» ስንለው ሁለቱንም ብለናል ማለት ነው፤ የፈጠሩት መሐንዲሶች የፈለጉትም በትክክል ይህንኑ ነበር።

እነዚያ መሐንዲሶች ከሙዚቃ ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም። ጭንቀታቸው ስልክ ነበር። የሰው ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲጓዝ ቀጭኑ ክፍል ቶሎ ይደክማል፣ ወፍራሙ ይዘልቃል። በሌላው ጫፍ ያለው ሰው የሚሰማው የታፈነ ንግግር ነው፤ «ሰ» እና «ፈ» እንኳ አይለዩለትም። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ አንድ መስመር ድምፅን ሳያዛባ ለማስተላለፍ ምን ማሟላት እንዳለበት በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሒሳብ አሳየ። በ1920ዎቹ ደግሞ በአሜሪካ የቤል ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ኦቶ ዞቤል፣ መስመሩ ያዛባውን የሚያቃኑ የኤሌክትሪክ መረቦችን ነደፈ። አሠራራቸው ሊጤን ይገባዋል። የደከመውን ቀጭን ድምፅ አያበረቱም፤ በርትቶ የደረሰውን ወፍራም ድምፅ ወደ ደካማው ደረጃ ያወርዱታል። ሁሉም ከተካከለ በኋላ ማጉያው አንድ ላይ ከፍ ያደርገዋል። ያኔ የገባውና የወጣው ድምፅ እኩል ይሆናል። ኢኳላይዘር የተባለው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም መቀነስ ነበር።

ድምፅን የምንለካበት «ዴሲቤል»ም የዚያው የስልክ ቤት ልጅ ነው። መሐንዲሶቹ የድምፅን መድከም ቀድሞ የሚለኩት በኬብል ማይል ነበር፤ በኋላ ለአዲሱ መለኪያ የስልክን አባት የአሌክሳንደር ግራሃም ቤልን ስም ሰጡት።

መሣሪያው ከስልክ ወደ ራዲዮ ጣቢያ፣ ወደ ሲኒማና ወደ ስቱዲዮ አለፈ። በ1952 ፒተር ባክሳንዳል የተባለ እንግሊዛዊ የወፍራሙንና የቀጭኑን ድምፅ ማስተካከያ ንድፍ በመጽሔት አሳተመ፤ ከዚያ በኋላ በየቤቱ የገቡት የቴፕና የራዲዮ «ቤዝ» እና «ትሪብል» ቁልፎች በብዛት የእሱን ንድፍ የተከተሉ ናቸው። «ቤዝ» ዝቅ ያለ፣ አጭር ከሚል የኋለኛ ዘመን ላቲን ቃል የመጣ ነው። «ትሪብል» ግን ከከፍታ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ሦስት እጥፍ ማለት ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን የአውሮፓ ዝማሬ ዋናውን ዜማ ይዞ ከሚቆየው «ቴኖር» በላይ ሁለተኛ፣ ከዚያም በላይ ሦስተኛ ድምፅ ይጨመር ነበርና፣ የሦስተኛው ስም ለቀጭን ድምፅ ሁሉ ቀረ። አማርኛ ወፍራምና ቀጭን ማለቱን እኔ እመርጣለሁ። የበገናን ወፍራም ጅማት ከቀጭኑ ጋር ያነጻጸረ ሰው ቃሉ ከየት እንደመጣ መጠየቅ አያስፈልገውም።

ዛሬ በስልካችን ማጫወቻ ላይ ያሉት ተንሸራታች ቁልፎች ይህን ታሪክ ረስተዋል። «ቤዝ ቡስተር» የሚለው ዝግጁ ምርጫ መጨመርን ብቻ ያስተምራል። በዲጂታል ድምፅ ውስጥ ግን የማይታለፍ ጣሪያ አለ፤ ብዙ የዘመኑ ቅጂዎችም ጣሪያውን ነክተው ነው የሚመጡት። 6 ዴሲቤል መጨመር የሞገዱን ቁመት እጥፍ ያህል ያደርገዋል። ቦታ ሲያጣ ጫፉ ይቆረጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። መጨመር ግድ ከሆነ «ፕሪአምፕ» የሚለውን ቁልፍ በዚያው መጠን ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚሻለው የዞቤል መንገድ ነው። የዘፋኙ ድምፅ ከታፈነ ቀጭኑን ከማስጮህ በፊት 250 ኸርትዝ አካባቢ ያለውን በ3 ዴሲቤል ቀንሶ ማዳመጥ ይጠቅማል።

ጆሯችንም ራሱ የተስተካከለ አይደለም። ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 ባሳተሙት ጥናት ድምፅ ዝቅ ብሎ ሲከፈት ጆሮ ወፍራሙን ከመካከለኛው ይበልጥ እንደሚያጣው አሳይተዋል። ስለዚህ ሌሊት ጎረቤት እንዳይረበሽ ዝቅ አድርጎ የሚያዳምጥ ሰው ቤዙን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ የቃሉን ትርጉም አልጣሰም፤ ጆሮው ያጎደለውን መልሶ ማስተካከሉ ነው። ያው ምርጫ ቀን ድምፁ ከፍ ሲል ሳይነካ ከቀረ ግን ከበሮው ክራሩን ይውጠዋል።

ከካሴት ወደ ዲጂታል በተገለበጡ የድሮ ዘፈኖቻችን ላይ ነገሩ ይከብዳል። ደጋግሞ የተገለበጠ ካሴት ቀጭኑን ድምፅ ያጣል፣ የክሩም ፍሽታ በዚያው ሥፍራ ይቀመጣል። 8,000 ኸርትዝን ከፍ ስናደርግ ጸናጽሉ በመጠኑ ይመለሳል፣ ፍሽታውም አብሮት ይመጣል። ከክሩ ጭራሽ የጠፋውን ኢኳላይዘር አያመጣውም፤ እኩል የሚያደርገው ደክሞም ቢሆን የደረሰውን ነው። ለእንዲህ ያለ ቅጂ 2 ወይም 3 ዴሲቤል በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጎላው ፍሽታው ነው።