በርበሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ

እናቴ ናዝሬት ላይ ወፍጮ ቤት ነበራት። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ሁለት ጋሪ ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ፣ ጭስ ያጠቆረው አንድ ክፍል ቆርቆሮ ቤት። ውስጡ ሊስተር ሞተር፣ የማቀዝቀዣ ውሃ በርሜል፣ ዱቄት የለበሰ ሚዛንና ሁለት ወፍጮ። አንደኛው የጤፍና የስንዴ፣ ሁለተኛው የበርበሬ።

በርበሬ በሚፈጭበት ቀን ሰፈሩ በሙሉ ያስነጥሳል። የጎረቤታችን የሐጂ ባለቤት ደግሞ አስም ነበረባቸው። በ1961 ዓ.ም. ግድም ሐጂ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙና፣ «እህቴ፣ ሞተርሽስ ለምደነዋል፤ የገደለን በርበሬሽ ነው» አሏት። እሷም እንጀራዬ ነው አለች። ማዘጋጃ ቤቱ ከቤታችን ብዙ አይርቅም፤ ግን ሁለቱም ወደዚያ መሄድ ትዝም አላላቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ። በእናቴ በኩል አንድ ቄስ፣ በሐጂ በኩል እህል ነጋዴ ወንድማቸው፣ መሀል ላይ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ሼፍ» የሚላቸው የምድር ባቡር ጡረተኛ። ሼፍ ከተናደዱ በፈረንሳይኛ ስለሚቆጡ ሰው ቶሎ ይታረቅላቸው ነበር።

ውሉ በደብተር ወረቀት ላይ ተጻፈ። በርበሬ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ፣ ያውም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ወደ ሐዲዱ ሲዞር። ሞተር አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይጠፋል። በቅያሱ ሞት ካለ ቀብሩ እስኪፈጸም አይነሣም። የሐጂ ቤት የረመዳን እህል ያለ ክፍያ ይፈጫል። ከሥር ሦስት ፊርማና የእናቴ የአውራ ጣት አሻራ አለ። ወረቀቱ ዛሬም እኔ ዘንድ ነው፤ እጥፋቱ ላይ ተበጥሷል።

እኔ በኋላ ንድፍ ሠሪ ሆንኩ። 31 ዓመት በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለ መሬት አጠቃቀም ካርታ ሳወጣ ኖርኩ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ከካርታው ጋር የሚሄደውን ሰንጠረዥ በንጹህ ገልብጪ ብሎ ሰጠኝ። ለእያንዳንዱ ቀለም ሦስት ዓምድ ነበረው፤ የሚፈቀድ፣ በቅድመ ሁኔታ የሚፈቀድ፣ የማይፈቀድ። በመካከለኛው ዓምድ ውስጥ፣ ከመኖሪያው ቀለም ትይዩ፣ «ወፍጮ ቤት» ይላል። ቅድመ ሁኔታው የሥራ ሰዓት፣ ድምፅና ብናኝ፣ የአዋሳኞች ስምምነት። ሳቄ አመለጠኝ። መሐንዲሱ ምን ያስቃል አለኝ፤ ምንም አልኩት።

የከተሞቻችን የመሬት አጠቃቀም ታሪክ ከማስተር ፕላን የሚጀምር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እኔ ከስም ይጀምራል ባይ ነኝ። የናዝሬት የቀድሞውና የዛሬው ስም፣ አዳማ፣ ራሱ ከቁልቋል የመጣ ነው ይባላል፤ በኦሮምኛ አዳሚ ማለት ነው። መልካ አዳማ ሲባል ውሃ መሻገሪያና ከብት ማጠጫ ነበር ማለት ነው። ከሰፈሮቿ ዳካ አዲ ነጭ ድንጋይ ነው። ቦኩ የአባ ገዳው በትረ ሥልጣን ስም ነው። ገንደ ሀራ ደግሞ የሐይቅ መንደር። ከተማዋ ዙሪያዋን በጋራ የተከበበች ጎድጓዳ ሳህን ናት፤ ክረምት ሲገባ ከጋራው የሚወርደው ጎርፍ ዝቅ ያለውን ሰፈር ያጥለቀልቀዋል፤ ገንደ ሀራም ከነዚያ አንዱ ነው። አባቶች ሐይቅ ብለው በሰየሙት ቦታ ላይ ቤት ሠርተን ውሃው ለምን ገባብን እንላለን። የስሙን ትርጉም የሚጠይቅ አንድ ቀያሽ ቢኖር ኖሮ ስንት የፍሳሽ ቦይ ወጪ በቀረ።

ቢሾፍቱም እንዲሁ ነው። ሆራ ሲባል ጨዋማ፣ ለከብት የሚስማማ ውሃ ነው። በሆራ አርሰዲ ዳር በየዓመቱ መስከረም ማለቂያ አካባቢ ኢሬቻ ይከበራል፤ ያ ዳርቻ የሕዝብ ቦታ የሆነው ማንም ፕላን አረንጓዴ ስለቀባው አይደለም። እርጥብ ሣር ይዘው የሚወርዱበት ስለሆነ ነው።

ከስም ቀጥሎ ሐዲድ መጣ። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም.። በመሀሉ ያሉት ጣቢያዎች ከተማ ሆኑ፤ አዳማ የአርሲ መውጫና መግቢያ በር ስለነበረች ከብዙዎቹ ቀደመች። ከአርሲ ደጋ የሚወርደው ስንዴና ገብስ እዚህ ፉርጎ ላይ ይጫናል። እህል ባለበት መጋዘን፣ መጋዘን ባለበት ወዛደር፣ ወዛደር ባለበት ጠጅ ቤትና ሆቴል ይከተላል። ከጣቢያው ፊት ለፊት ንግድ፣ ከጀርባው መኖሪያና እንደ እናቴ ያለ ጥቃቅን ሥራ፤ ይህን ያዘዘ ባለሥልጣን አልነበረም። ጆንያ የተሸከመ ሰው የሚያቋርጠው አጭር መንገድ ነው የወሰነው።

ባቡሩ አዲስ አበባ ሊገባ አንድ ዓመት ሲቀረው፣ በ1908 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክ ከተማዋን በሙሉ በአገልግሎትና በሕንጻ ከፍታ የሚከፋፍል ደንብ አወጣች። ከአሥር ዓመት በኋላ በኦሃዮ ዩክሊድ የምትባል ትንሽ ከተማ ያወጣችው ተመሳሳይ ደንብ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጸና። ዳኛው ሲያስረዱ፣ ችግር የሚሆነው ነገር ራሱ መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ቦታውን የሳተ ነው፤ በረት መሆን ሲገባው እንግዳ መቀበያ ክፍል የገባ አሳማ አይነት ነው ብለው ነበር። ለእኛ አገር ምሳሌው አሳማ ባይሆን ይሻላል። ሐጂ ሰምተውት ቢሆን ኖሮ ግን በርበሬ ነው ይሉ ነበር።

ወደ እኛ አገር በካርታ የተደገፈ ክፍፍል የገባው ግን በርበሬን ከአስም ለመለየት አልነበረም፤ ሰውን ከሰው ለመለየት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጉዪዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ለአዲስ አበባ ያዘጋጁት ፕላን የጣሊያኑን ሰፈር እዚህ፣ የ«አገሬውን» እዚያ ብሎ ያስቀምጥ ነበር። መርካቶ ስሙንም ቦታውንም ያገኘው ከዚያ ነው፤ ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የተገፋው የነጮቹን መሀል ከተማ ለማጽዳት ነበር። አምስት ዓመቱ ስላጠረ ፕላኑ ወረቀት ላይ ቀረ፤ ገበያው ግን እዚያው ቀረ። መሬትን በቀለም የመከፋፈል ሙያ ወደ ቤታችን የገባው በዚህ በር መሆኑን ወጣት ፕላነሮች ሲዘነጉት አየሁ፤ አልወድም።

ከነጻነት በኋላ የወጣው የ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 ከተሞችን በማዘጋጃ ቤት አደራጀ። መንገድ፣ ውሃ፣ ቄራ፣ ገበያ ተመደበ። ጎረቤት ከጎረቤት ለሚኖረው ጣጣ ግን እኔ የማደንቀው የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን በጭስ፣ በጥላሸት፣ በመጥፎ ሽታ፣ በድምፅ፣ በንዝረት ከመልካም ጉርብትና አልፎ እንዳያስቸግር ይከለክላል፤ ለመመዘንም የአካባቢው ልማድ ይታያል ይላል። ሕጉ ሲጻፍ የእናቴን ወፍጮ ደጅ ላይ ቆመው ያዩ ነው የሚመስለው። ሼፍና ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህን አንቀጽ አንብበውት አያውቁም፤ ፈጽመውታል እንጂ።

በዚያው ዘመን ከናዝሬት በታች፣ አዋሽ ዳር፣ ሌላ ዓይነት ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። የሆላንዶቹ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ላይ ስኳር ፋብሪካ ከፈተ። እዚያ ማን የት እንደሚኖር፣ ሱቅ የት እንደሚሆን፣ የትኛው መሬት ሸንኮራ የትኛው ካምፕ እንደሆነ ኩባንያው ወስኖ ጨርሷል። የሥራ መሪው ቪላ ከነዛፉ በአንድ በኩል፣ የአገዳ ቆራጩ ካምፕ በሌላ። በልጅነቴ አክስቴ ዘንድ ስሄድ ቀጥ ያለው መንገድ ደስ ይለኝ ነበር። ወፍጮ ቤት ልክፈት የሚል ሰው ግን የሚቀመጥለት ሽማግሌ አልነበረም።

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወጣና የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት፣ ለቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር። ከጓሯችን እናቴ የምታከራያቸው ሁለት ክፍሎች የቀበሌ ቤት ሆኑ፤ ተከራዮቹ እዚያው ኖሩ፣ ኪራዩ አቅጣጫ ቀየረ። ወፍጮው ለእሷ ቀረ። ስለዚህ አዋጅ የሚጻፈው ስለ ባለቤትነት ነው፤ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። ቦታ መሸጥ ሲቀር ዋጋ ከተማን ማበጠር አቆመ። ጣቢያው ፊት ለፊት የነበረች ደሳሳ ጎጆ ሆቴል ሳትሆን ለዓመታት ጎጆ ሆና ቀረች፤ የሠፈሩ ጠጅ ቤትም ጠጅ ቤት። የሚለዋወጥ ነገር ስላልነበረ የሚከለክል ደንብም ብዙ አላስፈለገም።

ቀለሙ የመጣው ዘግይቶ ነው። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ የክፍለ ሀገር ከተሞችም ፕላን ማግኘት ጀመሩ። ቢጫ መኖሪያ፣ ቀይ ንግድ፣ ሐምራዊ ኢንዱስትሪና መጋዘን፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። አብዛኛው ቀለም የተቀባው ቀድሞ በተያዘ ነገር ላይ ነበር። ሞጆን ውሰዱ፤ ቆዳ ፋብሪካዎቹ ወንዙ ዳር የሰፈሩት ቆዳ ውሃ ስለሚጠጣና እጣቢውም መሄጃ ስለሚፈልግ ነው። ሐምራዊው እርሳስ በኋላ ደርሶ «ኢንዱስትሪ» አለ። ወንዙ በየትኛው ቀለም እንደሚፈስ ግን በታች ያሉት ገበሬዎች ያውቃሉ።

በ1980ዎቹ ውስጥ አንድ ቀን የገዛ ቅያሳችን ያለበት ሉህ ጠረጴዛዬ ላይ ደረሰ። የአሞኒያ ሽታ ያልለቀቀው ኅትመት ነበር። የእናቴን ቤት በጣሪያው ቅርጽ ለየሁት፤ ትንሿ ጭማሪ የሞተሩ ክፍል ናት። በረቂቁ ላይ ቅያሱ በሙሉ ቢጫ ነው። ቢጫ ከቀባሁት ወፍጮው ነባር በመሆኑ ይቀጥላል፤ ማስፋፋትና አዲስ ሞተር መትከል ግን በቅድመ ሁኔታ። ትንሽ ቀይ ባስነካው ማን ያያል? እርሳሱን ይዤ ቆየሁ። ቀባሁት። ቢጫ። ማታ ስነግራት፣ «ታዲያ ቅድመ ሁኔታውስ መች ቀረልኝ፣ ከሐጂ ጋር ጨርሼው የለ» ብላኝ ሊጥ ማቡካቷን ቀጠለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ልትተክል ፈቃድ ጠየቀች። የአዋሳኞች ስምምነት አምጪ ተባለች፤ የደብተሩን ወረቀት ወሰደች። ማህተም የለውም አሏት። ሐጂ በዚያን ጊዜ አርፈዋል፤ ሼፍም። ፋይሉ በየቢሮው ሲንከራተት ሁለት ክረምት አለፈ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ ወረፋ ጠብቆ ያልተመለሰ የለምና እያንዳንዱ አንባቢ የራሱን ያስቀምጥበት።

ሊዝ ሲመጣ ደግሞ አገልግሎት ዕድሜ ሆነ። በ1986፣ በ1994ና በ2004 ዓ.ም. በወጡት አዋጆች መሬት በዘመን ይከራያል፤ ዘመኑን የሚወስነው ምን እንደሚሠራበት ነው። በ2004ቱ አዋጅ መሠረት እንደ አዳማ ባለ ከአዲስ አበባ ውጭ ባለ ከተማ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70፣ ለከተማ ግብርና 15። ያው አፈር ጎመን ከበቀለበት በ15 ዓመቱ ያረጃል፣ ቤት ከቆመበት ከባለቤቱ ይበልጥ ይኖራል። በመሀሉ የ2000 ዓ.ም. የከተማ ፕላን አዋጅ መዋቅራዊ ፕላን ለአሥር ዓመት እንዲያገለግል ደነገገ፤ ከዓመት በኋላ የሕንጻ አዋጁ ተከተለና ግንባታ የሚያስብ ሰው ንድፍ ከማሠራቱ በፊት የፕላን ስምምነት ማውጣት ግዴታው ሆነ። ያቺ ወረቀት ቦታው ለምን እንደተፈቀደ ትናገራለች። እኔ ጡረታ እስክወጣ ስንት መቶ እንዳዘጋጀሁ አልቆጠርኩም።

አዳማን በኔ ዕድሜ ከሁሉ የለወጣት ግን ስብሰባ ነው። ስሟ በ1992 ዓ.ም. ከናዝሬት ወደ አዳማ ሲመለስ የኦሮሚያ ክልል መቀመጫም ወደዚህ መጥቶ ነበር፤ በ1997 ወደ አዲስ አበባ ቢመለስም አዳራሹና ሆቴሉ አልተመለሰም። በኋላም የፍጥነት መንገዱ ሲከፈት የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ሁሉ ስልጠናውን እዚህ ማድረግ ወደደ። አየሩ ይስማማል ይላሉ። የውሎ አበሉም ይስማማል። በቢጫ የቀባናቸው ቪላዎች አንድ በአንድ ፔንሲዮን ሆኑ፤ ግቢው መኪና ማቆሚያ፣ ሳሎኑ ባር። አንዳንዱ የአገልግሎት ለውጥ አስፈቅዶ፣ አንዳንዱ ታፔላውን ሰቅሎ ነገ ይታያል ብሎ።

እናቴ ካረፈች ቆየች፤ ወፍጮው ተዘግቶ ክፍሉ ዕቃ ቤት ነው። የሐጂ ቤት ባለፈው ዓመት ፔንሲዮን ሆነ፤ የከፈተው የልጅ ልጃቸው ነው። ከምድር ቤቱ ሙዚቃ እስከ ሌሊቱ ስምንት ይሰማል፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ፎቶ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጠዋት የተበጠሰውን ወረቀት በፕላስቲክ አድርጌ ወደ እሱ ሄድኩ። ቡና አዘዘልኝ፣ ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አነበበው፣ የአያቱን ስም ሲያይ በጣቱ ነካ አደረገው።

«እማማ፣ እሺ፤ ከስንት ሰዓት በኋላ ላጥፋው?»

«ከአራት።»

«አራት ሰዓትማ ሰው ገና እራቱን አልበላም። ሰባት ይሁንልኝ።»

ሽማግሌ እየፈለግን ነው።