በሞጆ መገንጠያ የተነገረ ትረካ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምነግራችሁ የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ጥርና የካቲት የሆነ፣ እናንተም ጥቁር ለብሳችሁ ያለቀሳችሁበት ነገር ነው።

ሞጆን ታውቋታላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስትወርዱ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደረቅ ወደቡ ያለው እዚያ ነው፤ ከጅቡቲ የመጣው ኮንቴነር ይራገፍበታል፣ የከባድ መኪና ሹፌር ተራው እስኪደርስ ጋቢናው ውስጥ ያድርበታል፣ ትራንዚተሩ ሰነዱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይልበታል። ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ፣ አፋርኛ በአንድ ሻይ ቤት ይሰማል። ከዚችው ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳማ ይቀጥላል። ሌላው ወደ ደቡብ ይገነጠላል፤ ቆቃ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ እያለ ሻሸመኔ ይገባል። ይህን የደቡቡን መንገድ ልብ በሉልኝ።

ቀኑ እሑድ ነበር፤ ጥር 14። በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ በሀሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ተሰበሰቡ፤ አቡነ ሳዊሮስ፣ አቡነ ኤዎስጣቴዎስና አቡነ ዜና ማርቆስ። ቅዱስ ሲኖዶስ ሳያውቅና ሳይፈቅድ በዚያች ዕለት 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾሙ። ወሬው ሳይመሽ አገር አዳረሰ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ብዙ ሰው «ሦስት ጳጳስ ከሾመ ምን ጎደለው?» ሲል ሰምቻለሁና። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት፣ ሠለስቱ ምዕት የተባሉት አባቶች፣ ጳጳስ ሲሾም ቢያንስ ሦስት ጳጳሳት ይገኙ ብለው ደንግገዋል። ነገር ግን እዚያው አያይዘው፣ መምጣት ያልቻሉት ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይስጡ፣ የበላዩም አባት ያጽድቀው ብለዋል። ሦስቱ እጅ ለመጫን በቂ ናቸው፤ ያልመጡትን ወንድሞች ለመተካት ግን አይችሉም። ሠለስቱ ምዕት ያሰቡት ስለ አንድነት ነው። አንድ ጳጳስ የሁሉም ስለሆነ የሁሉም ቃል ያስፈልገዋል። ስለዚህ ሲኖዶሱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ ጥር 18 ቀን አውግዞ ሲለያቸው፣ የቆመው በጥንቱ ሥርዓት ላይ ነበር። በዚህ እኔ ጥርጥር የለኝም።

ግን ትረካውን እዚህ ብዘጋው እውነቱን በግማሽ ነግሬያችሁ እሄዳለሁ። ሦስቱ አባቶች ያነሡት ምክንያት ነበራቸው፤ «የኦሮሞ ምእመን በቋንቋው አይገለገልም፤ በዚህም የተነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ እየራቀ ነው» የሚል። ይህ ጩኸት ያን ቀን አልተወለደም። በ2011 ማብቂያም «የኦሮሚያ ቤተ ክህነት ይቋቋም» የሚል ጥያቄ በአደባባይ ተነሥቶ፣ ብዙ አነታርኮ ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ የጾመች፣ ያስቀደሰች አንዲት የሉሜ ገበሬ እናት አስቡልኝ። ስብከቱ በማታውቀው ቋንቋ፣ ንስሐዋም በአስተርጓሚ ከሆነ፣ የዚህች እናት ቅሬታ የፖለቲካ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ክፈቱ። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን ገና ጨቅላ ሳለች የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ «በየቀኑ በሚታደለው ምግብ መበለቶቻችን ተረሱ» ብለው በዕብራውያን ላይ አጉረመረሙ። ሐዋርያት ምን አደረጉ? «ከፋፋዮች ናችሁ» ብለው አላባረሯቸውም። «የራሳችሁን ማዕድ ለብቻ አቋቁሙ» ብለውም አላሰናበቷቸውም። ጉባኤውን ጠርተው ሰባት ሰዎች አስመረጡ። የተመረጡትንም ስማቸውን አንብቡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስም ነው። ቅሬታ ካለበት ወገን ስም ያላቸውን ሰዎች አምጥተው በአንዱ ማዕድ ላይ ሾሟቸው። ቅሬታውም ተሰማ፣ ማዕዱም አልተከፈለም። ከዚህ የተሻለ የቤተ ክርስቲያን ሽምግልና አላውቅም።

በእኛ ዘንድ ግን ወዲያው እንዲህ አልሆነም። አዲስ ተሾምን ያሉት ወደ አጥቢያዎች መሄድ ጀመሩ፤ ምእመናን ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችንን አናስነካም ብለው ደጁን ያዙ። ሲኖዶሱ መንግሥት ጣልቃ ገብቷል ብሎ በአደባባይ ከሰሰ። ያ ከሞጆ የሚገነጠለው መንገድ መድረሻው ሻሸመኔ ነው አላልኳችሁም? ጥር 27፣ ቅዳሜ፣ በሻሸመኔ ቤተ ክርስቲያናቸውን ሊጠብቁ የወጡ ምእመናን ተገደሉ። በአንድ ጥምቀት የተጠመቁ፣ ከአንድ ጽዋ የሚቀበሉ ሰዎች አገር ውስጥ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ደም ፈሰሰ።

ሲኖዶሱ ጥቁር ልበሱ፣ ጹሙ፣ ጸልዩ አለ። ጾመ ነነዌም በዚያው ሳምንት ነበረችና ከጥር 29 እስከ የካቲት 1 ሦስቱ ቀን በምህላ አለፈ። የካቲት 5 በየከተማው ሰልፍ ተጠራ። እንደኔ ከሆነ በዚያ ሰሞን ከሁሉ የከበደው የሰው ዝምታ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ወደብ በር ላይ ተራ የሚጠብቁ፣ አንዱ ከወሊሶ፣ አንዱ ከደብረ ብርሃን የመጡ ሁለት ሹፌሮች። በሁለቱም ጋቢና ውስጥ የእመቤታችን ሥዕል አለ። ትናንት አብረው የጾም በያይነቱ የበሉ ናቸው። ዛሬ ስለዚህ ነገር አፋቸውን ለመክፈት ይፈራራሉ። የቤተ ክርስቲያን መከፋፈል በሰው መካከል የሚገባው እንዲህ ነው።

ሰልፉ ሳይደረግ ቀረ፤ አባቶች ለንግግር ተቀመጡ። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በተገኙበት ባለ 10 ነጥብ ስምምነት ተፈረመ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ ሥርዓቱ ይከበር፣ ሦስቱ አባቶች ወደ ቦታቸው ይመለሱ፣ በአፋን ኦሮሞ የሚሰጠው አገልግሎትም ይጠናከር። ከዚያ በኋላም መካሰሱ በአንድ ጊዜ አልቆመም። ቢሆንም ሲኖዶሱ ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳትን ሾመ፤ ለኦሮሚያና ለደቡብ አህጉረ ስብከት። በሥርዓቱ፣ በሁሉም ቃል። የኢየሩሳሌሙን ሽምግልና የሚመስል ነገር ያየሁት ያን ቀን ነው።

አንዳንዱ «እርቅ ለይስሙላ ነው» ይላል። እኔ ይህን አልቀበልም፤ የሚያስረዳልኝም አለ። ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ መርቆሬዎስ ከ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ከመንበራቸው ተነሥተው በኬንያ በኩል ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። በ1984 አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሆኑ። ከዚያ በኋላ አገር ቤት አንድ ሲኖዶስ፣ ባሕር ማዶ ሌላ ሲኖዶስ፤ እዚያ የተቀደሰበትን እዚህ የማይረግጥ ትውልድ አደገ። ሐምሌ 2010 በዋሽንግተን ታረቁ፤ አቡነ መርቆሬዎስም በዚያው ወር መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ። እርሳቸው በጸሎትና በቡራኬ፣ የአገር ቤቱ ፓትርያርክ አቡነ ማትያስ በአስተዳደር፣ ሁለት ፓትርያርኮች በአንድ ቤት ተቀመጡ። አቡነ መርቆሬዎስ የካቲት 24 ቀን 2014 አገራቸው ላይ ዐረፉ። ሩብ ምዕተ ዓመት የቆየ ቁስል ከዳነ፣ የማይድን አለ ብዬ አላምንም።

ስለዚህም ትግራይን ሳልጠራ አልነሣም። በዚያ የተካሄደው ጦርነት ያመጣውን ቁጣ ተሸክመው የትግራይ አባቶች በመንበረ ሰላማ ስም ተለይተው ቆመዋል፤ ሐምሌ 2015 በአክሱም የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾመዋል። እነርሱም «በመከራችን ጊዜ ዝም አላችሁን» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ሐዘን ነው። ሥርዓቱን ብቻ በማንበብ አይመለስም፤ ሐዘኑን ቁጭ ብሎ መስማትን ይፈልጋል። ሹመቱን ማውገዝ የሚያውቅ አፍ፣ ይቅርታ ለመጠየቅም መፍጠን አለበት።

እንግዲህ እናንተ ከአዳማ፣ ከሞጆ፣ ከመቂ፣ ከባቱ የመጣችሁ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። አባቶች የካቲት 8 የፈረሙት ወረቀት አዲስ አበባ ነው፤ የሚፈጸመው ግን በእናንተ አጥቢያ ነው። ወደ ሰበካ ጉባኤያችሁ ሂዱና ጠይቁ፤ በአፋን ኦሮሞ የሚሰብክ፣ የሚቀድስ፣ ንስሐ የሚቀበል ካህን አለን ወይ? ከሌለ፣ ቋንቋውን የሚችል ልጅ ፈልጉና አብነት ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ስንቁንና ልብሱን እናንተ ቻሉ። አማርኛ ተናጋሪ የሆንክ ወንድሜ፣ ይህን ከሁሉ ቀድመህ አንተ ጠይቅ።