ከቨርጂንያ የተላከ የአንድ ሰፋሪ ደብዳቤ

የአዲስ ቅኝ አገር ታሪክ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ገዦቹና ባለገንዘቦቹ ካስቀሩት መዝገብ ነው። ስለ እንግሊዞች የቨርጂንያ ሰፈራ ግን ከታችኛው ሠራተኛ እጅ የወጣ ምስክር አለን፤ ይኸውም ሪቻርድ ፍሬቶርን የተባለ አገልጋይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1623 ዓመት፣ በማርችና በኤፕሪል ወር፣ ለአባቱና ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ነው።

ፍሬቶርን በውል የታሰረ ሠራተኛ ስለ ነበረ የውሉ ዘመን እስኪፈጸም ድረስ ጉልበቱ የራሱ አልነበረም። የተመደበበት ማርቲንስ ሃንድረድ የተባለው እርሻ ከጄምስታውን ዐሥር ማይል ያህል ይርቃል። ምድሪቱም ባለቤት አልባ አልነበረችም። ትምባሆ ተካዮቹ መሬታቸውን እየገፉ የያዙባቸው የፓውሃታን ሰዎች በአለቃቸው በኦፔቻንካኖ መሪነት ማርች 22 ቀን 1622 ተነሥተው፣ ኩባንያው እንደ ቈጠረው፣ 347 ሰፋሪዎች ገደሉ፤ ከእነዚህም ከ70 የሚበልጡት የዚሁ የማርቲንስ ሃንድረድ ሰዎች ነበሩ። ወጣቱ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው።

ከመርከብ ከወረደ ወዲህ አተርና ውኃ የበዛበት ገንፎ እንጂ ሌላ እንዳልቀመሰ፣ የአንድ ፔኒ ዳቦም ለአራት ሰው እንደሚካፈል ይነግራቸዋል። የደም ተቅማጥና ድድ የሚያደማው በሽታ ባልንጀሮቹን ፈጅተዋቸዋል። ካባውን የሰረቀው የገዛ ጓደኛው እስኪሞት ድረስ ያደረሰበትን አልተናገረም፤ ነገር ግን ከመርከብ ቅቤና ሥጋ ሲቀበል ያዩት ሰዎች ነበሩ።

ረኃቡን በጦርነቱ ብቻ ማመካኘት ይቻል ይመስላል። ደብዳቤው ግን ሌላ ነገር ያሳያል። በዱሩ የሚታደን ወፍ አለ፤ ሠራተኞቹ ግን ሄደው እንዲያድኑ አይፈቀድላቸውም፤ ማልደው እስከ ማታ መሥራት አለባቸው። እህል እንዲዘራ የሚያስገድድ ሕግ አስቀድሞ ቢወጣም፣ ጆን ሮልፍ በ1612 ግድም ትምባሆን ካላመደ ወዲህ ትርፉ ያለው በትምባሆ ነበረ። እንግዲህ ይህ ሰው የተራበው ምድሪቱ ስለ ነፈገችው ሳይሆን ቀኑ የሌላ ሰው ስለ ሆነ ነው ብንል አንሳሳትም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ልመናው የንግድ መልክ መያዙ ነው። አባቱ ገንዘብ ከፍሎ እንዲያስለቅቀው፣ ይህ ባይሆን ምግብ እንዲልክለት ይማጠናል፤ የሚልኩለትንም ሸጦ ትርፉን ሊመልስላቸው ይገባል ብሎ ቃል ይገባል። አይቡ የቈየ ይሁን፤ በመርከቡ ሆድ ያለው ሙቀት እንዳያበላሸው በየአይቡ መካከል የእንጨት ፍቅፋቂ ይግባ ይላል። ልጅ ከወላጆቹ ምግብ ሲለምን ስለ አስተሻሸጉ እንደ ነጋዴ ይመክራል! በአገሩ ያሉ ደጋግ ሰዎችም መዋጮ እንዲያደርጉለት ይለምናል።

የደብዳቤው ግልባጭ ለእኛ የደረሰው በእንግሊዝ አገር በኩባንያው ባለድርሻዎች መካከል በተነሣው ክርክር ወቅት ከተሰበሰቡት ወረቀቶች ጋር ነው። የአመራሩ ተቃዋሚዎች እንደዚህ ያሉትን ደብዳቤዎች ለክስ ማስረጃ ይፈልጓቸው ነበረ። በ1624 ፍርድ ቤት የኩባንያውን የመብት ደብዳቤ ሻረው፤ ቨርጂንያም የንጉሡ ግዛት ሆነች። በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር በተዘጋጀው የሰፋሪዎች ዝርዝር የፍሬቶርን ስም ከሙታኑ ጋር ተጽፎ ይገኛል።