ድስት ጠጋኙ ሰባኪና መጽሐፉ

ኮሚቴው ለዘንድሮው መጽሔት አንድ ነገር ጻፉ ብሎ ሲያዘን ብዙ አመነታን። እኛ ዕድሜያችንን የሰው ደብዳቤ ስንገለብጥና መዝገብ ስናገላብጥ የኖርን፣ ትምህርታችንም ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ ጡረተኛ ነን። ታዲያ ድፍረት የሰጠን ከኛ ባልተሻለ ትምህርት ብዙ መጻሕፍት የጻፈ የአንድ ሰባኪ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ያንኑ እናወጋችኋለን። የርሱን ዘመን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ጆን ቡንያን በእንግሊዝ አገር፣ በቤድፎርድ ከተማ አጠገብ፣ ኤልስቶው በምትባል መንደር በ1628 ተወለደ። አባቱ ድስትና የብረት ዕቃ ጠጋኝ ነበር፤ ልጁም ይህንኑ ሥራ ያዘ። ትምህርት ቤት የቆየው ማንበብና መጻፍ እስኪለይ ብቻ ነው። በ1644 እናቱ ሞተችበት፤ በዚያው ዓመት በእርስ በርሱ ጦርነት የፓርላማው ወታደር ሆነ። ከዘመቻ ተመልሶ ትዳር ሲይዝ፣ ራሱ እንደ መሰከረው፣ ባልና ሚስቱ አንድ ሳሕን ወይም ማንኪያ እንኳ አልነበራቸውም። ሙሽራይቱ ከአባቷ ያገኘችው ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍት ነበር። እነዚህን አብረው እያነበቡ ሰውዬው ስለ ነፍሱ ማሰብ ጀመረ ይባላል። ኋላም በቤድፎርድ ከነበረ አንድ ማኅበረ ምእመናን ጋር ተቀላቅሎ ሰባኪ ሆነ።

በ1660 ንጉሡ ወደ ዙፋኑ ሲመለስ፣ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ሰው ሰብስቦ መስበክ ያሳስር ጀመር። ቡንያንም በዚያው ዓመት በኅዳር ተያዘ። ስብከቱን ቢተው እንደሚፈታ ተነገረው፤ እሱ ግን አሻፈረኝ አለ። በዚህ ምክንያት እስከ 1672 ድረስ 12 ዓመት ታሰረ። የፊተኛይቱ ሚስቱ ሞታ ስለ ነበር፣ አራቱን ልጆች የምታሳድገው ሁለተኛይቱ ሚስቱ ኤልሳቤጥ ነበረች። እሷም በ1661 ዳኞች ፊት ቀርባ ስለ ባሏ ተሟገተች፤ ግን አልተሳካላትም። ከልጆቹ መካከል ትልቋ ሜሪ ዓይነ ስውር ነበረች፤ ከሁሉ ይልቅ ያንገበግበው የነበረው የርሷ ነገር ነው። ስለዚህ እስር ቤት ሆኖ የማሰሪያ ክር እየሠራ፣ ያ እየተሸጠ ለቤተሰቡ መተዳደሪያ ይሆን ነበር።

ቀን ክር እየሠራ፣ ጊዜ ሲያገኝ ደግሞ ብዕር ያነሣ ነበር። በ1661 ግጥሞቹ ታተሙለት፤ በ1666 የገዛ ሕይወቱን ታሪክ አወጣ። ከሁሉ የታወቀው ግን በ1678 የታተመው የመንፈሳዊው መንገደኛ ታሪክ ነው። ክርስቲያን የሚባል ሰው በጀርባው ከባድ ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊት ከተማ ሲጓዝ፣ በረግረግ ሲሰምጥ፣ በከንቱነት ገበያ ሲያልፍ፣ ሸክሙም በመስቀሉ ሥር ሲወድቅለት ያሳያል። ቡንያን ረቂቁን ለወዳጆቹ ሲያሳይ፣ ገሚሱ ይታተም፣ ገሚሱ ደግሞ አይታተም አሉት። የእምነትን ነገር በልብ ወለድ መጻፍ ያስነቅፋል ብለው የሠጉ ነበሩ። እሱ ግን መጽሐፍ ቅዱስም በምሳሌ እንደሚናገር በመግቢያው ግጥም መልሶ አሳተመው። በ1686 ደግሞ ለሕፃናት የግጥም መጽሐፍ አወጣ። ሰባኪነቱ ድርሰቱን አላስተወውም፤ ድርሰቱም ስብከቱን አላስረሳውም።

መጽሐፉ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ወደ አማርኛም የተመለሰው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «ወዳጄ ልቤ» የዚህን መጽሐፍ ፈለግ የተከተለ መሆኑን የሥነ ጽሑፍ ሊቃውንት ይናገራሉ። እንግዲህ የድስት ጠጋኙ ብዕር እኛም አገር ደርሷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍጻሜው እንምጣ፤ ይህን ታሪክ የመረጥነውም ለዚሁ ነው። በ1688 ቡንያን አባትና ልጅ መጣላታቸውን ሰምቶ፣ ለማስታረቅ በፈረስ ወደ ሬዲንግ ከተማ ሄደ። ከዚያ ወደ ሎንዶን ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ደበደበው፤ ትኩሳት ያዘውና በወዳጁ ቤት ተኛ። ኦገስት 31 ቀን፣ 60 ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። በሎንዶን በንሂል ፊልድስ በሚባለው መቃብር፣ በዚያው ወዳጁ የቤተሰብ መካነ መቃብር ተቀበረ።

ይህን ባነበብን ጊዜ አፈርን። ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛም በሰፈራችን የተኳረፉ አባትና ልጅ እንድናስታርቅ ተለምነን ነበር። ቀጠሮው ደረሰ፤ ክረምት ነበርና ዝናቡ ወረደ። «ዛሬስ ጭቃው አያስኬድም፣ ለሳምንት ይሁን» ብለን ቤታችን ተቀመጥን። ሳምንቱ ሳይሞላ የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ፤ የሞቱት አባትየው ነበሩ። ድንኳኑን ስንተክል ልጁ ምሰሶውን አቀበለን። አንድም ቃል አልተናገረንም፤ እኛም የምንለው አልነበረንም።

ዕድራችን ሰው ሲሞት ፈጥኖ ይደርሳል፤ ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ከቀብር በፊት ለዕርቅም እንዲሁ ብንፈጥን ምን አለበት? ደግሞ ከእናንተ መካከል «እኔ አልተማርኩም» እያለ የሚያውቀውን ታሪክ በሆዱ የያዘ ካለ፣ ለሚመጣው ዓመት መጽሔት ይጻፍ። እጁ ቢያስቸግረው ይንገረን፤ እኛ እንገለብጥለታለን። መገልበጥ እንደ ሆነ የኖርንበት ሥራ ነው።