የስም ዕዳ

አንቱ የተባለ ድምፃዊ በስተርጅናው የሌሎችን ዘፈን ሰብስቦ አልበም ሲያወጣ ሰው የሚጠረጥረው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ነጥፏል፣ ወይ ኪሱ ሳስቷል። ሮሊንግ ስቶንስ የተባለው የእንግሊዝ ሮክ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2016 «ብሉ ኤንድ ሎንሰም» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ እኔም ሳላዳምጠው እንዲሁ ነበር ያልኩት። በአልበሙ ካሉት 12 ዘፈኖች ውስጥ ባንዱ ራሱ የደረሰው አንድም የለም። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ በዘለቀው ዕድሜው እንዲህ ያለ ሙሉ አልበም ሲሠራ ያ የመጀመሪያው ነበር። ኋላ አንድ ወዳጄ ሲዲውን አዋሰኝና አዳመጥኩት። ከዜማው ይልቅ የያዘኝ ግን ሽፋኑ ላይ የሰፈረው የደራሲዎች ስም ዝርዝር ነው። በእኛ ካሴቶች ላይ «ግጥምና ዜማ የሕዝብ» የሚል ባየሁ ቁጥር ያ ሕዝብ የተባለው ሰው ማን ይሆን እያልኩ ስለማድግ፣ ስም ማንበብ አመሌ ነው።

ታሪኩ የሚነሳው ከባቡር ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ለንደን አጠገብ ባለችው በዳርትፎርድ ጣቢያ ሚክ ጃገርና ኪት ሪቻርድስ ተገናኙ። በልጅነታቸው አንድ ትምህርት ቤት ነበሩ፤ ከዚያ ተለያይተዋል። ጃገር በብብቱ የቸክ ቤሪንና የማዲ ዋተርስን ሸክላዎች ይዟል። ሸክላዎቹ ቺካጎ ከሚገኘው ከቼስ ሙዚቃ አሳታሚ በፖስታ የመጡ ናቸው። ሪቻርድስ ዓይኑ የተተከለው ከሰውየው ላይ ሳይሆን ከሸክላው ላይ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዓመቱ ባንድ አቋቋሙ። የባንዱንም ስም የወሰዱት ማዲ ዋተርስ እ.ኤ.አ. በ1950 ካስቀረጸው ዘፈን ነው። እንግዲህ ስማቸው እንኳ ውሰት ነው።

ሙዚቃው ብሉዝ ይባላል። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የጥጥ እርሻ ላይ የኖሩ ጥቁሮች ያወጡት ዜማ ሲሆን፣ ወደ ቺካጎ ሲሰደዱ ጊታራቸውን ከኤሌክትሪክ አገናኝተው አጎሉት። በገዛ አገሩ በአብዛኛው በጥቁሮች ሬዲዮ ብቻ ይሰማ የነበረውን ይህን ሙዚቃ፣ የለንደን ልጆች እያንዳንዷን ድምፅ በቃላቸው አጠኑት። እ.ኤ.አ. በ1964 ካወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው 12 ሥራዎች 9ኙ የሌላ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት ዊሊ ዲክሰን የደረሰውንና ሃውሊን ዎልፍ የተጫወተውን ስለ ቀይ አውራ ዶሮ የሚያወራ ዘፈን ደግመው ቢጫወቱት በእንግሊዝ አንደኛ ወጣ።

ውለታ ቢሶች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1965 አንድ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጋብዛቸው ሃውሊን ዎልፍ አብሯቸው እንዲቀርብ አደረጉ። ያ ግዙፍ ሰው ሲዘፍን ወጣቶቹ ከእግሩ ሥር ተቀምጠው ታዩ። ይህን ያዩ ብዙ ነጮች የአገራቸውን ሰው ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ይሁን እንጂ ምስጋና ሌላ፣ ሽፋን ላይ ስም መጻፍ ሌላ። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው አልበማቸው «የጠፋው ልጅ» የተሰኘ ዘፈን አለ፤ ደራሲዎቹ ጃገርና ሪቻርድስ ተብለው ነበር። ዘፈኑ ግን የቄስ ሮበርት ዊልኪንስ ነው። እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1929 እንደ ብሉዝ አስቀርጸውት፣ ኋላ አገልጋይ ሲሆኑ ግጥሙን በወንጌሉ ምሳሌ ለውጠው የዘመሩት ነው። አልበሙ ሲወጣ በሕይወት ነበሩ። የአባቱን ገንዘብ ስላባከነ ልጅ የሚዘምርን ዘፈን ከአንድ ቄስ መውሰድ! ስማቸው ኋላ ላይ ተስተካክሎ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በ1938 በ27 ዓመቱ የሞተው የሮበርት ጆንሰን ዘፈን ዉዲ ፔይን በሚል የፈጠራ ስም ታተመ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የባንዱን ሥራዎች የሚያስተዳድረው አሳታሚ ዘፈኑ ባለቤት የለውም ብሎ ቢሟገትም፣ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2000 አልተቀበለውም።

እኔ የ2016ቱን አልበም የማዳምጠው ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ሰዎቹ በታኅሣሥ ወር 2015 ምዕራብ ለንደን ወደሚገኝ ስቱዲዮ የገቡት አዲስ ዘፈን ሊሠሩ ነበር። ለማሟሟቂያ ያህል የሊትል ዋልተርን አንድ ብሉዝ ቢጫወቱ ነገሩ ጣማቸው፤ ሌላ ደገሙ፣ ሌላም ሠለሱ። በ3 ቀን አልበሙ አለቀ። ጎን ባለው ስቱዲዮ የራሱን ሥራ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ክላፕተን እንኳ ብቅ ብሎ በሁለቱ ላይ ጊታር ተጫወተ። ከ12ቱ ዘፈኖች 4ቱ ሊትል ዋልተር ያስቀረጻቸው ናቸው። ይህ የሃርሞኒካ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 በ37 ዓመቱ፣ መንገድ ላይ ተደባድቦ ባደረ ማግሥት የሞተ ነው። ጃገር በ72 ዓመቱ ሃርሞኒካውን ሲነፋ፣ ለዚያ ዕድሜውን ላልጠገበ ሰው ሲል የሚነፋ ይመስለኛል። ድምፁ የሻከረበት ቦታ አለ፣ ጊታሮቹም ይጋፋሉ፤ አልተሞረደም። እኔ እንዲያውም ከብዙዎቹ የ1980ዎቹ አልበሞቻቸው አስበልጠዋለሁ።

የተባለው ዕዳ በዚህ ተከፈለ ወይ? ለሊትል ዋልተር አይመስለኝም፤ ሙት ገንዘብ አይቆጥርም። በሽፋኑ ላይ ግን በፈጠራ ስም የተሸሸገ ደራሲ የለም። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2018 በባህላዊ ብሉዝ ዘርፍ የግራሚ ሽልማት ሲያገኝ እነዚያ ስሞችም አብረው ተነሱ። ከበሮ መቺው ቻርሊ ዋትስ እ.ኤ.አ. በ2021 አረፈ። እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት «ሃክኒ ዳይመንድስ» አልበም መጨረሻ ላይ ጃገርና ሪቻርድስ ለብቻቸው፣ በአንድ ጊታርና በአንድ ሃርሞኒካ፣ ያን ስማቸውን የወሰዱበትን የ1950 ዘፈን ተጫውተዋል። ደራሲ፦ ማዲ ዋተርስ ይላል።