ለሹመት የተተኮሰ ጥይት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 1881፣ ዋሽንግተን ውስጥ በሚገኝ ባቡር ጣቢያ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመታ። ተኳሹ ቻርልስ ጊቶ ይባላል። ጊቶ በምርጫው ወቅት አንድ ንግግር ጽፎ በማሳተሙ ብቻ ጋርፊልድን ያስመረጠው እሱ እንደሆነ ያምን ነበር። ለውለታውም በፓሪስ ቆንስል ሆኖ መሾም ፈለገ። ለሳምንታት ደጅ ጠና፤ የሚሰማው አጣ።

ሰውየው አእምሮው የተቃወሰ ነበር። ሹመት መጠየቁ ግን በዘመኑ እንግዳ ነገር አልነበረም። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። ያኔ አሜሪካም በዚሁ መንገድ ነበር የምትሠራው። የመንግሥት ሥራ ያሸነፈው ፓርቲ ምርኮ ነው። ፓርቲ ሲቀየር የፖስታ ቤት ኃላፊውም የጉምሩክ ጸሐፊውም አብረው ይቀየራሉ። የተሾመውም ከደመወዙ ለፓርቲው ያዋጣል፤ እምቢ ካለ እንጀራው ያሰጋዋል።

ከሁሉ የሰባው መሥሪያ ቤት የኒውዮርክ ጉምሩክ ነበር። የአገሪቱ የቀረጥ ገቢ በአብዛኛው የሚሰበሰበው እዚያ ነው። ከ1871 እስከ 1878 ይህን ቤት የመራው ቼስተር አርተር ሲሆን፣ የኃያሉ ሴናተር የሮስኮ ኮንክሊንግ ታማኝ ነበር። በ1878 ፕሬዚዳንት ሄይስ ከቦታው አነሳው። በ1880 ግን ሪፐብሊካን ፓርቲ የተኮራረፉ አንጃዎቹን ለማስታረቅ ሲል የጋርፊልድ ምክትል አድርጎ አቀረበው።

ጋርፊልድ ቁስሉ አመርቅዞ ሴፕቴምበር 19 ቀን ሞተ። ሥልጣኑ በዚያ የሹመት ገበያ ባደገው ሰው እጅ ወደቀ። ሕዝቡ ደነገጠ። ጁሊያ ሳንድ የተባለች የኒውዮርክ ሴት ገና ጋርፊልድ በአልጋ ላይ ሳለ ለአርተር ደብዳቤ ላከችለት። ሕዝቡ ያዘነው ጋርፊልድ ሊሞት በመሆኑ ሳይሆን ተተኪው አንተ በመሆንህ ነው ስትል ፊት ለፊት ነገረችው። ግን ተስፋ አልቆረጠችበትም፤ ተለወጥ አለችው። አርተር በኋላ አብዛኞቹን ወረቀቶቹን አስቃጠለ፤ የእሷን ደብዳቤዎች ግን አስቀራቸው።

በ1882 ምርጫ ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት ክፉኛ ተሸነፉ። የሕዝቡ ቁጣ ገባቸው። ደግሞም ተቃዋሚው ሥልጣን ሲይዝ የራሳቸው ሰዎች እንዳይባረሩ ፈለጉ። ስለዚህ በዲሞክራቱ ሴናተር ጆርጅ ፔንድልተን ስም የሚጠራውን ሕግ አጸደቁ። አርተር ጃንዋሪ 16 ቀን 1883 ፈረመበት። በሕጉ መሠረት ሥራ በፈተና ሆነ፤ ለፓርቲ አላዋጣም ያለ ሠራተኛም ከሥራው መባረሩ ቀረ።

መጀመሪያ ሕጉ የሸፈነው ከፌዴራል ሥራዎች 10 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ተሰናባች ፕሬዚዳንቶች የሾሟቸውን ሰዎች ከመባረር ለማዳን ሲሉ ሕጉ የሚሸፍነውን እያሰፉት ሄዱ። የግል ጥቅም ሳይወድ በግድ ለፍትሕ ሠራ ማለት ነው።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። ከሠራተኛው ደመወዝ መሰብሰብ የተከለከሉት ፓርቲዎች ፊታቸውን ወደ ትላልቅ ኩባንያዎች አዞሩ። በ1896 የማኪንሊ ዘመቻ መሪ ማርክ ሃና ከባንኮችና ከኩባንያዎች ከፍተኛ ገንዘብ ሰበሰበ።

አርተር በ1884 ፓርቲው ዳግም ዕጩ አላደረገውም። ሕጉ ግን ከእሱም ከፓርቲውም ጉልበት በላይ ዕድሜ አገኘ። አንድ በር መዝጋት ትልቅ ሥራ ነው፤ ዘግቶ መተኛት ግን አይቻልም።