ነዘራውና ማግኔቱ

እዚህ ካልጋሪ ስኪዞፍሬንያ የያዘው ልጅ ያላት እናት «አንጎሉን በማግኔት ማከም ይቻላል» ስትባል፣ ቶሎ የሚመጣባት «ልጄን በኤሌክትሪክ ሊያስነዝሩብኝ ነው!» የሚለው ሐሳብ ነው። አይፈረድባትም።

ነዘራው የተጀመረው ሮም ውስጥ፣ በ1938 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ነው። ቼርሌቲና ቢኒ የተባሉ ሐኪሞች ባቡር ጣቢያ የተገኘ አንድ በሽተኛ ጭንቅላት ላይ ኤሌክትሪክ ለቀው አንዘፈዘፉት። ያን ጊዜ የአገራቸው ጦር አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ የአማኑኤል ሆስፒታላችንም ታሪክ የሚነሣው ከዚያው ከወረራው ዘመን ነው። ሰውየው ተሻለው ተባለ፤ ሕክምናውም ዓለምን አዳረሰ። ማደንዘዣ ስላልነበረ ግን በመንዘፍዘፉ አጥንት የተሰበረባቸው ብዙ ናቸው። ዛሬ በሽተኛው ተኝቶ፣ ጡንቻው ላልቶ ነው የሚሰጠው፤ የቀረው የድሮው ስም ነው።

ማግኔቱ ሌላ ነው። ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ ከባልደረቦቹ ጋር በ1985 ሼፊልድ ከተማ ሠራው። የሽቦ ጥምጥም ከራስ ቅል ላይ ይደገፍና ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ በሽተኛው ነቅቶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ነው። የሚጥል በሽታ መቀስቀሱ እምብዛም ነው፤ ቢሆንም ሐኪሙ አስቀድሞ ይጠይቃል። በ2000 አሜሪካዊው ሐኪም ሆፍማን ከግራ ጆሮ በላይ ቢሞክረው፣ ለጥቂት በሽተኞች የሚሰሟቸው ድምፆች ቀነሱላቸው። ኋላ የተደረጉት ሙከራዎች ግን አንዱ ሲያጸድቀው ሌላው አላገኘውም። ካናዳ በ2002 የፈቀደችው ለድብርት ነው።

ስለዚህ ሁለት መድኃኒት በአግባቡ ተወስዶ እምቢ ካለ፣ ከማግኔቱ በፊት ሐኪሙን ስለ ክሎዛፒን ጠይቁ። ብልጫው በ1988 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት ታይቷል። ነጭ የደም ሕዋስ ሊቀንስ ስለሚችል፣ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ደም በየሳምንቱ ይመረመራል።